ከገደሉ ሥር ያለው ወሬ

ጉድ በሉ! አሜሪካ ከገባሁ 14 ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን ከሰማሁት ወሬ እንደዚህ የጣመኝ የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉት ቡና ቤቶቻችን አላገኘሁትም፤ ሰርግ ቤትም አላገኘሁትም። ያገኘሁት ከቤቴ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ከአንድ ገደል ሥር አንገቴን ሰቅዬ ቆሜ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስለፈልፍ ከረምኩ። የሥራ ባልደረቦቼ ሰልችተውኛል። አብሬያቸው የምኖረው አክስቴ፣ እትዬ፣ "ደግሞ ጀመራት!" ብለው ወደ ማድ ቤት መግባት ከጀመሩ ቆይተዋል። ስለዚህ አሁን ተራው የእናንተ ነው።

ቦታው ካርደሮክ ይባላል። ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ በሜሪላንድ በኩል፣ የድሮው የጀልባ ቦይ በሚያልፍበት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። መግቢያ አይከፈልበትም። መኪና አቁማችሁ ጥቂት ደቂቃ በጫካው ስትሄዱ ከወንዙ በላይ የቆመ ዓለት ታገኛላችሁ። ቁመቱ ከ10 እስከ 18 ሜትር ቢሆን ነው፤ ለእኛ ለተራራ አገር ሰዎች ገደል ብሎ መጥራቱም ያሳፍራል። ሚካ ስለሞላበት ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ብር ያብለጨልጫል። ከ80 ዓመት በላይ የዓለት ወጪዎች እጅና እግር ሲፈትገው ስለኖረ ደግሞ አንዳንዱ ቦታ እንደተሟሸ ምጣድ ልስልስ ብሏል። ዓለቱን ግን ተዉት። እኔ የመጣሁት ወሬውን ልነግራችሁ ነው።

የመጀመሪያ ቀን የሄድኩት ለምኖ ለምኖ ያደከመኝን የሥራ ባልደረባዬን ላለማስቀየም ነበር። ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ ከላይ አንድ ሰው "ሮክ!" ብሎ ጮኸ፤ ድንጋይ ማለቱ ነው። እኔም እንደ አገሬ ልጅ "ምንድን ነው?" ብዬ ቀና አልኩ። ሰው ሁሉ አንገቱን ቀብሮ ከግድግዳው ሲለጠፍ እኔ ብቻ ሰማይ ሳይ፣ አጠገቤ ዱብ ያለው የውሃ ኮዳ ነው። ነፍሴ መለስ ስትል "ይሄ እኮ ድንጋይ አይደለም!" አልኩ። ሳቁብኝ። ለካስ ከላይ የሚወድቀው ስልክም ይሁን፣ የአንድ እግር ጫማም ይሁን፣ ስሙ ድንጋይ ነው። ስም ለመምረጥ ጊዜ የለማ! "ይቅርታ፣ ኮዳዬ አምልጦኝ ወደ እናንተ እየመጣ ነው" ብለው እስኪጨርሱ ኮዳው ደርሷል። ጩኸቱ ሲሰማም ቀና ማለት የለም፤ ግድግዳው ላይ መለጠፍ ነው። ይህን ያህል ቁጥብ ንግግር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ከዚያ ቅብብሉ መጣ። አንዷ ልትወጣ ታጥቃለች፣ ሌላው ከታች ገመድ ይዟል። ገመዱ ከሷ ወገብ ተነሥቶ፣ ገደሉ አናት ላይ ከዛፎች በታሰረ ማንጠልጠያ ዞሮ፣ ወደ እሱ ይመለሳል። እጇ ቢያመልጣት የሚያስቀራት እሱ ነው። "ኦን ቢሌይ?" ትላለች፤ ይዘኸኛል ወይ ማለቷ ነው። "ቢሌይ ኦን" ይላል፤ ይዤሻለሁ። "ክላይሚንግ"፤ ልነሣ ነው። "ክላይም ኦን"፤ ተነሺ። ቅዳሴ እየሰማሁ ያደግኩ ሰው ነኝና ካህኑ ሲል ሕዝቡ የሚመልሰውን የመሰለ ነገር ጫካ መሃል ስሰማ ክው አልኩ። ደግሞ ባልና ሚስት ናቸው! ሃያ ዓመት አብረው ወጥተዋል፤ አሁንም በየዙሩ እንደ አዲስ ይጠያየቃሉ። ይዘኸኛል? ይዤሻለሁ። ስንቱ ትዳር ነው ይህን በዓመት አንዴ የሚጠያየቀው? (ይቅርታ፣ ከነገሬ ወጣሁ።)

ከመነሣታቸው በፊትም አንዱ የሌላውን ቋጠሮ ያያል፤ ስምንት ቁጥርን የሚመስለውን ማለቴ ነው። የሁለት ሳምንት ጀማሪ ሆኜ፣ አርባ ዓመት ገደል ላይ የኖሩ ሽማግሌ "ቋጠሮዬን እይልኝ" ሲሉኝ ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። እኛ ዘንድ የትልቅ ሰው ሥራ መፈተሽ ድፍረት ነው። (እንግሊዝኛው አንቺና አንቱን ባይለይም እኔ በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ።) ማፈሬን አይተው የሊን ሂልን ታሪክ አወሩኝ። በዓለም ስመ ጥር ከሆኑት ዓለት ወጪዎች አንዷ የነበረችው ሊን ሂል፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ቋጠሮዋን ጀምራ ሳትጨርስ ወደ ላይ ወጣች። ልትወርድ ገመዱ ላይ ስትደገፍ ገመድ የለም። ከ20 ሜትር በላይ ወረደች፤ ዛፍ ተቀብሎ አተረፋት። ይህች ሴት ናት እንግዲህ በ1993 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤል ካፒታን ከሚባለው ግዙፍ ዓለት ላይ "ኖዝ" የተባለውን መስመር፣ በገመዱ ሳትሳብ በእጅና በእግሯ ብቻ፣ ከወንድም ከሴትም ቀድማ የወጣችው። ሽማግሌው ይህን እያወሩ ቋጠሯቸውን ገልብጠው አሳዩኝ፣ እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሰው ቋጠሮ ሲያስር አይወራበትም። እነዚህ ወሬ ወዳዶች ዝም ሲሉ የምታዩት ያኔ ብቻ ነው።

አሁን ወደምወዳት ቃል ልምጣ፤ "ቤታ"። ጃክ ሚለስኪ የተባለ አሜሪካዊ ዓለት ወጪ ከቤታማክስ የቪዲዮ ካሴት እንዳወጣት ይነገራል። ካሴቱን ቀድሞ እንዳየ ሰው ቀኝ እግር እዚህ፣ ግራ እጅ እዚያ ብሎ መንገዱን መንገር ማለት ናት። ታዲያ ቤታ ያለው ሰው ዝም ብሎ አይናገርም፤ ይጠይቃል! "ቤታ ትፈልጊያለሽ?" አይ ካልሽ አፉን ይዘጋል፤ ላብሽ እስኪንጠባጠብ ስትታገይ እያየ፣ መልሱን እያወቀ፣ ዝም። እኔ የመጣሁት አንድ ሰው መኪና ሲያቆም አምስት መንገደኛ "ቁረጠው! መልሰው! ና! ና! በቃ!" ከሚልበት አገር ነው። ሳይጠየቅ የማይመክር ሰው መኖሩን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ሁሉም መላእክት ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ሳይጠየቅ ቤታ የሚረጭ አንድ ሰው አለ፣ ሲመጣ ሁሉም ጫማውን ማሰር ይጀምራል።

እንዲህም ሆኖ እንባዬን ያመጣው ሌላ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ መሃል ላይ ደርሼ እግሬ እንደ ሲንጀር መርፌ ይንቀጠቀጥ ጀመር። "ፈራሁ!" አልኩ። ሰው ፊት እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ማንም አልሳቀም፣ "ምን ያስፈራል?" ያለኝም የለም። ገመዴን የያዘችው ልጅ በተረጋጋ ድምፅ "መውደቁን ነው የፈራሽው፣ መጎዳቱን?" አለችኝ። እስቲ ቆም ብላችሁ ይህን ጥያቄ አስቡት። ገመዱ ከላይ ነው፣ ብወድቅ ክንድ ያህል ወርጄ መንጠልጠል ነው፤ ስለዚህ የፈራሁት መውደቁን ብቻ ነበር። እንደዚያው አልኳት። "እንግዲያው ይዤሻለሁ፤ ከፈለግሽ ውደቂ" አለችኝ።

ከፈለግሽ ውደቂ! እናቴም፣ አስተማሪዎቼም፣ አለቃዬም እንዳትወድቂ ሲሉኝ ነው የኖርኩት። ወደቅኩ። ተንጠልጥዬ እንደ ሕፃን ሳቅኩ።

የሽማግሌው ወሬ ደግሞ ለብቻው ነው። "ይቺ ቀላል ናት፣ 5.5 ብትሆን ነው" ካሉ ጠርጥሩ። አምስቱ ገመድ የሚያስፈልገው ገደል ማለት ነው፤ ከነጥቡ ወዲያ ያለው ቁጥር ባደገ ቁጥር ይከብዳል። (5.9 መጨረሻው መስሏቸው ነበር። የባሰ ሲመጣ 5.10 አሉት፤ ዛሬ 5.15 ደርሰዋል። የሒሳብ አስተማሪዬ ቢሰሙ ይታመማሉ።) ካርደሮክ ላይ የሚነገራችሁ ቁጥር ግን ገጠር ውስጥ መንገድ ስትጠይቁ የሚሰጣችሁ ዓይነት መልስ ነው። "እዚህች ጋ ናት፣ ይቺን ጉብታ ስታልፉ" ይሏችሁና ሦስት ሰዓት ያስኬዳችኋል። በ"ቀላሏ" ላይ ስማቅቅ ሽማግሌው ከታች ሆነው ሻያቸውን ፉት እያሉ ስለ ሴኔካ ሮክስ ያወራሉ፤ ሦስት ሰዓት ያህል በመኪና የሚያስኬድ የዌስት ቨርጂኒያ ገደል ነው። እዚያ በሁለቱ ጫፎች መካከል "ዣንዳርም" የሚባል ብቻውን የቆመ ድንጋይ ነበር፤ ስንቱ ሲወጣበት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1987 ተገንድሶ ወደቀ። ሲያነሡት እንደ ሞተ ዘመድ ነው። አንድ ቀን በአማርኛ "ነፍስ ይማር" ብያቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ኮፍያቸውን አወለቁ።

መስመሮቹም የሰው ስም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ኸርብ ኮን እና ሚስቱ ጃን እዚህ ይወጡ ነበር። አንዱ መስመር "የኸርቢ መዓት" እንደማለት ነው ስሙ፣ ሌላው "የጃን ገጽ"። ጃን በ1952 ከጄን ሾዌከር ጋር ሆና ዴቪልስ ታወር የሚባለውን የዋዮሚንግ ዓለት ያለ ወንድ የወጣች ናት። ስለዚህ ከገደሉ ሥር "ጃን ላይ ተቸገርኩ"፣ "ዛሬ ጃን ረጥባለች" ሲባል ትሰማላችሁ። አዲስ መጤ ሰው ሐሜት ይመስለዋል።

እኔም የራሴን ቃል ማዋጣት ጀመርኩ። ሙሉ እጅ የሚያስገባውን መጨበጫ ጀግ ይሉታል፤ የኔ የጀበና እጀታ ነው። ክብ ሆኖ እጅ የሚያንሸራትተው የእንስራ ሆድ፣ የጥፍር ያህሉ የሳንቲም ጠርዝ። ጓደኛዬ መጨረሻው ላይ ሲያቃስት ሰዉ ሁሉ ያበረታዋል፤ "ዩ ጋት ዚስ!" ይላል አንዱ፣ ፈረንሳዊቷ "አሌ!"፣ ጃፓን የኖረው "ጋምባ!"። እኔ ሳላስበው "አይዞህ!" አልኩ፣ በእናቴ ድምፅ። ሲወርድ መጀመሪያ የጠየቀኝ እሱን ነው። አስረዳሁ፤ እንግሊዝኛው ግን አልበቃኝም። ከዚያ ወዲህ ገደሉ አይዞህ ሆነ። ግን ለሴቷም አይዞህ ይላሉ! ስለዚህ አንድ ሙሉ ከሰዓት ስለ አይዞህ፣ አይዞሽ፣ አይዞዎትና አይዟችሁ ስናወራ ዋልን። ሽማግሌው የራሳቸው ቃል እንዳላቸው ሲሰሙ ደስ አላቸው። አብሮን የሚወጣ አንድ ረጅም ልጅ አራቱንም መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፋቸው፤ መጀመሪያ መጨበጫ ላይ ሲደርስ በላብ ጠፉበት።

እትዬን ያሸነፍኳቸው በገመዱ ነው። አንድ ማታ ቡና እያፈሉ ከላይ ስለሚታሰረው ገመድ ስነግራቸው ረከቦቱን ትተው ቀና አሉ። "ይሄማ ደብረ ዳሞ ነው!" እውነትም! አቡነ አረጋዊ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም፣ እሳቸውን ዘንዶ አወጣቸው የሚባለው አምባ፣ ዛሬም 15 ሜትር ያህሉን ገደል የሚወጡት በጠፍር ነው። አንዱን ጠፍር በእጅ ይዞ፣ ሌላውን ወገብ ላይ ታጥቆ፣ ከላይ መነኩሴው እየሳቡ። ካርደሮክ ማለት ይኸው አይደለም? ሴት ስለማይፈቀድ እትዬ ከሥር ተሳልመው ነው የተመለሱት። "ስንቱን ወንድ ከሥር ቆሜ ሲወጣ አይቻለሁ" አሉኝ ሲኒውን እያቀበሉ። "አንቺ ስትወጪ ደግሞ ልይ።"

መጡ። ነጠላቸውን ለብሰው፣ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ቡና በፔርሙስ፣ ድፎ ዳቦ በፎጣ። ረጅሙ ልጅ ተነሥቶ መሃል ላይ ሲቆም አላስቻላቸውም። "ግራ እግርህን! ግራህን! እዚያች ጉብታ ላይ!" በአማርኛ፣ ለመላው ጫካ። ተሸማቀቅኩና ጆሯቸው ሥር ስለ ቤታ ሥርዓት አስረዳኋቸው፤ መጀመሪያ ይጠየቃል ብዬ። "እሺ" አሉ። ጥቂት ዝም አሉና ወደ ላይ ጮኹ። "ልጄ! ልንገርህ?"

ልጁ ምን እንደተባለ አልገባውም። "አይዞሽ!" ብሎ መለሰላቸው።

እትዬ ሳቃቸው እንባ እስኪያመጣባቸው ሳቁ። ይኸው ዛሬ ዓርብ ነው፤ ማድ ቤት ሆነው ሊጥ እያቦኩ "ያ ረጅሙ ነገ ይመጣል ወይ?" እያሉ ሦስቴ ጠየቁኝ።