ኮርቻውን አንሥቶ ማየት

ከሩቅ ለሚያያት ተራ መርሴዲስ ናት። አራት በር አላት፤ መስመሯ ቀጥ ያለ፣ ጌጧም ጥቂት ነው። የጀርመን ታክሲ ነጂዎች ለዓመታት ከነዱት፣ ደብሊው 124 ከሚባለው ሞዴል የሚለያትን ለማግኘት ጎንበስ ብሎ ፓራፋንጎዋን ማየት ያስፈልጋል። ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ ወደ ውጭ ሞላ ይላል። ሙላቱ ከየት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ በዓይን አይለይም፤ እጅን በላሜራው ላይ አስኪዶ ነው የሚገኘው። ተራው ሞዴል 1,740 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ እሷ 1,796። በአንድ ወገን 28 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ሁለት ጣት የማይሞላ ነው። ቁመናዋም በ23 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። ስሟ 500 ኢ ነው። ከ1993 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ የወጡት ፊደሉን አስቀድመው ኢ 500 ይባላሉ።

ለሕዝብ የታየችው በ1990 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የመኪና ትርዒት ላይ ነው። እስከ 1995 ድረስ 10,479 ብቻ ተሠርተዋል። አሠራሯ ከተለመደው የፋብሪካ መንገድ ወጣ ያለ ነበር። መርሴዲስ የልማቱን ሥራ ለፖርሸ ሰጠ። ሁለቱም ፋብሪካዎች ሽቱትጋርት አካባቢ ናቸው፤ የመርሴዲሱ ዚንደልፊንገን፣ የፖርሸው ሱፈንሃውዘን። የላሜራው ክፍሎች ከዚንደልፊንገን ተጭነው ወደ ሱፈንሃውዘን ይሄዱና እዚያ ይገጣጠማሉ። አካሉ ቀለም ለመቀባት ወደ ዚንደልፊንገን ይመለሳል። ሞተሩና የውስጥ ዕቃው እንዲገባ እንደገና ሱፈንሃውዘን ይወርዳል። በመጨረሻ ለፍተሻና ለርክክብ ዚንደልፊንገን ይገባል። አንዷ መኪና ይህን ምልልስ ለመጨረስ 18 ቀን ይፈጅባት ነበር።

ይህ ሁሉ ድካም አንድ ትልቅ ሞተር በተራ ሞዴል አካል ውስጥ ለማስገባት ነው። ሞተሩ ባለ 8 ሲሊንደር ነው፤ አራት በአንድ ወገን፣ አራት በሌላው፣ በቪ ቅርጽ የተደረደሩ። ይዘቱ 4,973 ሲሲ ነው። 32 ቫልቭ አለው። መጀመሪያ የወጡት 326 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው። ከቆመችበት ተነሥታ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 6 ሰከንድ ገደማ ይበቃታል፤ በ250 ላይ ፋብሪካው ራሱ ያቆማታል።

ኮፈኑ ሲከፈት የሚታየው ቦታ ጠባብ ነው። ሞተሩ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ስለዚህ ባትሪው ወደ ኋላ፣ ወደ ዕቃ መጫኛው ቀኝ ጥግ ተወሰደ። ጥቅሙ ሁለት ነው፦ ከፊት ቦታ ተገኘ፣ ከፊት የከበደውም ሚዛን ከኋላ ጥቂት ማካካሻ አገኘ። ፍሬኑ የተወሰደው 500 ኤስኤል ከተባለችው ባለ ሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና ነው። ዲፈረንሻሉም ተለቅ ያለ ነው፤ የኋላ ወንበሩን መካከል ስለሻማ መኪናዋ የአራት ሰው ሆነች። ከኋላ ያለው ሱስፔንሽን በዘይትና በጋዝ ይታገዛል። ሰውና ሻንጣ ሲጫንባት ራሱ ከፍታዋን ያስተካክላል፤ ጭራዋ አይወርድም።

ከተራው ሞዴል ሳይነኩ የተዋቸው ነገሮችም ቢታዩ ይበጃል። የፊት መስታወት መጥረጊያው አንድ ብቻ ነው። ሲዞር ዝም ብሎ ግማሽ ክብ አይሠራም፤ ወደ መስታወቱ ማዕዘን ሲደርስ ክንዱ ይረዝማል፣ መሐል ላይ ያጥራል። በዚህም ከመስታወቱ 86 በመቶውን ይጠርጋል። የኋላ ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው በአምስት ዘንግ የተያዙ ናቸው። እያንዳንዱ ዘንግ ጎማው እንዳያደርግ የሚከለክለው አንድ እንቅስቃሴ አለው፤ የቀረለት ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ ብቻ ነው። ይህ አሠራር መርሴዲስ በ1982 እ.ኤ.አ. 190 በተባለችው ትንሽ መኪና ላይ የጀመረው ነው። ታክሲዋም፣ ባለ 326 ጉልበቷም በዚሁ ይሄዳሉ።

ከእነዚህ መኪናዎች ጥቂት የማይባሉት አዲስ ሳሉ ጃፓን ሄዱ። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ለሽያጭ ከሚቀርቡት መካከል ከጃፓን ተመልሰው የገቡ አሉ፤ ገዢዎችም ይፈልጓቸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጀርመን ክረምት ላይ በረዶ ለማቅለጥ መንገዱን ጨው ታለብሳለች፤ ጨው ላሜራ ይበላል። የቶኪዮ መኪና ይህ ብዙም አያገኛትም። የጃፓን የቴክኒክ ምርመራም ጥብቅ ነው። አዲስ የቤት መኪና በሦስት ዓመቷ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ ትመረመራለች። እንደ እኛ ቦሎ በየዓመቱ አይደለም፤ ነገር ግን ወጪው ከባድ ስለሆነ ያረጀ መኪና ይዞ የሚቆይ ሰው አስቦበት ነው የሚይዘው። በብዙዎቹ የኋላ መስታወት ላይ ያናሴ የሚል ትንሽ ተለጣፊ ይገኛል። መርሴዲስን ለብዙ ዘመን ወደ ጃፓን ያስገባ የነበረው ድርጅት ስም ነው። ያልተላጠ የያናሴ ተለጣፊ ያላት መኪና የኋላ መስታወቷ እንዳልተቀየረ ትመሰክራለች።

ጃፓኖች በግራ መንገድ ስለሚነዱ መሪያቸው በቀኝ ነው። 500 ኢ ግን መሪዋ በቀኝ ሆኖ አልተሠራችም፤ ለጃፓንም የሄደችው እንደ ተሠራች ነው። በዚህ ምክንያት ስትመለስ ምንም የሚገለበጥ ነገር የለም። ይህ ለእኛ አገር አንባቢ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ከሞሉት ቪትዞች ብዙዎቹ ከጃፓን በቀኝ መሪ ወጥተው፣ ዱባይ ላይ መሪያቸው ወደ ግራ የተዛወረ ናቸው። የዳሽቦርዱን መጋጠሚያ፣ ከሥሩ ያለፉትን ሽቦዎችና የፍሬን ፔዳሉን አያያዝ ያየ መካኒክ ወዲያው ይለየዋል። አንድ ጊዜ የተፈታ ነገር፣ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢመለስ፣ የተፈታበትን ይናገራል።

በጎጃም ደጋ፣ ጉንደ ወይንም ሆነ ቢቸና፣ በቅሎ መግዛት የሚያውቅ ሽማግሌ ይህን የመመርመር ዘዴ መኪና ከመምጣቱ በፊት ያውቀዋል። ሻጩ በቅሎዋን በግላስና በልጓም አሳምሮ ያመጣታል። ሽማግሌው ግላሱን አያደንቅም። «ኮርቻዋን አውርዱልኝ» ይላል። ጥርሷን ገልጦ ዕድሜዋን ያነባል፣ ሰኮናዋን ያነሣል፣ ከዚያ መዳፉን በጀርባዋ ላይ ያስኬዳል። ኮርቻ የላጣት በቅሎ ቁስሏ ቢድን እንኳ በቦታው ነጭ ጠጉር ታበቅላለች። ከዚያ በኋላ ነው ስግሪያዋን ለማየት የሚቀመጥባት።

500 ኢን የሚመረምር ሰውም በዚሁ ቅደም ተከተል ቢሄድ ይጠቀማል። መጀመሪያ ቁጥሯን ያነባል። የሻንሲ ቁጥሯ ደብሊው ዲ ቢ ብሎ ጀምሮ 124036 ይላል። 124 ሞዴሉ ነው፣ 036 ይህችው ዓይነት ናት። ፓራፋንጎ አስፍቶ፣ ቸርኬ ቀይሮ 500 ኢ የሚያስመስል ሰው ይህን ቁጥር ማስመሰል ይከብደዋል። ፋብሪካው ለእያንዳንዷ የመዘገበው የመረጃ ካርድም አለ፤ የቀለም ቁጥሯ፣ የሞተር ቁጥሯና ስትወጣ የተገጠሙላት ነገሮች በኮድ ተጽፈውበታል። ሦስቱ፣ ማለትም ካርዱ፣ ሻንሲውና ሞተሩ፣ መስማማት አለባቸው።

ቀጥሎ ምንጣፍ ይነሣል። የዕቃ መጫኛው ወለል፣ የትርፍ ጎማው ጉድጓድ፣ ባትሪው ያለበት ጥግ ይታያል። ባትሪ አሲድ ካፈሰሰ ላሜራው ይመሰክራል። ፋብሪካ የበየደው ቦታ ነጠብጣቡ እኩል ተራርቆ ይሄዳል፤ ጋራዥ የበየደው እኩልነቱን አይጠብቅም። ከጎን ያለው የፕላስቲክ ልባስ ተነሥቶ ከሥሩ ዝገት ይፈለጋል፤ የክሪክ ማስገቢያዎቹም ተከፍተው ይታያሉ። ውኃ የሚተኛው እዚያ ነው።

ከዚያ ብሎን ይታያል። ፓራፋንጎውን ከአካሉ ጋር የያዙት ብሎኖች ከአካሉ ጋር አብረው የተቀቡ ናቸው። ቁልፍ ገብቶባቸው ከሆነ የጭንቅላታቸው ማዕዘን ላይ ቀለሙ ተፍቋል። ቀለሙ ሳይነካ የቆየ ብሎን፣ ያልተነሣ ፓራፋንጎ ማለት ነው። የቀለም መለኪያ መሣሪያ ካለ በየላሜራው ላይ ይደረጋል። የፋብሪካ ቀለም ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ እጅ ብዙም አይርቅም። መለኪያው አንድ በር ላይ ሦስትና አራት እጥፍ ካሳየ በሩ እንደገና ተቀብቷል፤ ከዚያም ካለፈ ከሥሩ ስቱኮ አለ። መሣሪያ የሌለው ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ያስጠጋል። ስቱኮ ላይ ማግኔት አይይዝም።

መስታወቶቹ ሁሉ ጥጋቸው ላይ የተሠሩበትን ዘመን የሚያመለክት ምልክት አላቸው። የመቀመጫ ቀበቶዎቹም ጫፋቸው ላይ ቀን የታተመበት ጨርቅ አለ። እነዚህ ቀኖች ከመኪናዋ ትውልድ ጥቂት ወራት መቅደም ይገባቸዋል። ጎማ ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ደግሞ ብቻውን አይታመንም። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ፣ የመሪው ቆዳና የነጂው ወንበር ግራ ጠርዝ ይጠየቃሉ። ሰው ሲገባና ሲወጣ የሚታከከው ያ ጠርዝ ነው። ቆጣሪው 60,000 እያለ ጠርዙ ካለቀ አንዱ ዋሽቷል፤ ቆዳ ደግሞ አይዋሽም።

በደንብ የተያዘችም ብትሆን ከልደቷ ይዛው የመጣችው አንድ ሕመም አለ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተሠሩ የመርሴዲስ ሞተሮች የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባሱ ሙቀት አይችልም። ዓመት ሲቆጠር ይደርቅና እንደ ቅርፊት ይፈረፈራል። መንዳትና አለመንዳት አያድነውም፤ ቆማ የኖረችውም ያገኛታል። ስለዚህ ጠንቃቃ ገዢ «ሽቦዋ ተቀይሯል?» ብሎ ይጠይቃል፣ ደረሰኙንም ያያል። ሌላው ሁሉ የፋብሪካው ይሁን የሚል ሰው እዚህ ላይ አዲስ ዕቃ ሲያይ ደስ ይለዋል።

ይህች መኪና ደብረ ማርቆስ ብትመጣ እንዴት ትሆናለች? ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን፣ ከዚያም በላይ ያጣል። ካርቡሬተር ያለው መኪና እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ያጨሳል። የእሷ ግን በመግቢያው ላይ በኤሌክትሪክ የጋለ ቀጭን ሽቦ አለ። የሚያልፈው አየር ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል፤ ሽቦውን እንደ ጋለ ለማቆየት ከሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ላይ የገባው አየር ይታወቃል፣ ነዳጁም በዚያው ልክ ይመጠናል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ስትወርድ አውቶማቲክ ካምቢዮዋን ዝቅተኛ ማርሽ ላይ አስቀምጦ ሞተሩ እንዲይዛት ማድረግ ይቻላል። አስፋልት ላይ እስካለች ይህ ሁሉ ይሠራል። የጠጠር መንገድ ላይ ግን ያ 23 ሚሊ ሜትር ዕዳ ይሆንባታል።

ለነገሩ አትመጣም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። ስለዚህ ነዳጅ የሚጠቀም ጥሩ የቤት መኪና የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ከዚሁ ካለው መምረጥ ግድ ሆኖበታል፤ መርሴዲስም ትሁን ኮሮላ፣ ቁጥሯ ውስን ነው፣ በየዓመቱም ይቀንሳል። ደላላው «ያልተጋጨች፣ ቀለሟ ያልተነካ» ይላል። ሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥሯን፣ ባለቤቷንም ይነግራል፤ እንዴት እንደተያዘች ግን አይነግርም። እሱን ለማወቅ ለ500 ኢ የሠራው ምርመራ ለሁሉም ይሠራል፤ ማግኔትና የእጅ ባትሪ፣ ምንጣፍ ለማንሣትም የሻጩን ፈቃድ ይጠይቃል። ምንጣፍ አይነሣም የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷል። ወለሉ፣ ብሎኑ፣ መስታወቱና የወንበሩ ቆዳ አንድ ዕድሜ ከተናገሩ ግን ስለ ዋጋ መነጋገር ይቻላል።