ካፖ ስለምትባለው የጊታር መሣሪያ

በጊታር መቺዎች ዘንድ ብዙ ዘመን የቆየና እስከ ዛሬም ያልበረደ አንድ ክርክር አለ። ምክንያቱም ካፖ የምትባለው ትንሽ መቆንጠጫ ናት። ይህች መሣሪያ በጊታሩ አንገት ላይ፥ ፍሬት ከሚባሉት ብረቶች ባንዱ አጠገብ ታስራ አውታሮቹን ሁሉ በአንድነት ትጫናለች፤ ስለዚህ መቺው የጣቶቹን አያያዝ ሳይለውጥ ዜማውን ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

በአሜሪካ ተቃዋሚዎቿ «ማጭበርበሪያ» የሚል ስም አውጥተውላታል። እነርሱ እንደሚሉት፥ አመልካች ጣቱን አጋድሞ አውታሮቹን መጫን የተማረ ሰው ካፖ አያስፈልገውም፤ ካፖ የለመደ ግን የሚመታውን ድምፅ ስም ሳያውቅ በአራትና በአምስት አያያዝ ዕድሜውን ይፈጃል። የኋለኛው ነቀፋ እውነትነት አለው። የፊተኛው ግን የተሳሳተ ይመስለናል። አመልካች ጣት በመጫን ሥራ ከተያዘ ለዜማው የሚቀሩት ሦስት ጣቶች ናቸው፤ ካፖ ሲታሰር ግን አራቱም ነጻ ይሆናሉ፤ ጣት ያልነካቸውም አውታሮች ደኅና አድርገው ያስተጋባሉ። እንግዲህ ሁለቱ ዘዴዎች አንድ ሥራ አይሠሩም።

በስፔን አገር የፍላሜንኮ ጊታር መቺ የካፖውን ስፍራ የሚወስነው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። በ2014 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የሞተው ፓኮ ዴ ሉሲያ ካፖ ያሰረው ጣቶቹ ቢሰንፉበት ነው የሚል ሰው እስካሁን አልሰማንም። በእኛም አገር ክራር መቺው አውታሮቹን እንደ ዘፋኙ ድምፅ ሲቃኝ አጭበረበረ የሚለው የለም።

የክላሲክ ጊታር ሰዎች ካፖን እምብዛም አይወዷትም። ሆኖም ከእነርሱ መካከል ጆን ዳውላንድ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ለሉት የጻፋቸውን ሥራዎች የሚመቱ አሉ፤ እነዚህም ብዙ ጊዜ ካፖውን በሦስተኛው ፍሬት ላይ አስረው ሦስተኛውን አውታር በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋሉ። የጥንቱን መሣሪያ ድምፅ ለመቅረብ ሲሆን ተፈቀደች ማለት ነው!

ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ጆርጅ ሃሪሰን በ1969 ከቢትልስ ጋር የቀዳው «ሂር ካምስ ዘ ሰን» ነው። ካፖው በሰባተኛው ፍሬት ላይ ነበረ፤ በዚያ ስፍራ ከአውታሩ ርዝመት የሚቀረው ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው። የጊታሩ ድምፅ ቀጥኖና ጠርቶ የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። ያለ ካፖ ቢመታ ዜማው ይገኛል፤ ያ ድምፅ ግን አይገኝም።

ይልቅስ ነቃፊዎቿ አጥብቀው ሊያነሡት የሚገባ ሌላ ጉድለት አላት። ጠንካራ ካፖ አውታሮቹን ከልክ በላይ ስለሚወጥር ቅኝቱ ወደ ላይ ይሸሻል። ብዙ መቺዎች እርሷን አስረው ወዲያው ይጀምራሉ፤ ሰሚው ጆሮውን የሚቈረቍረው ነገር ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ይቀራል። ካፖ በተዛወረች ቁጥር አውታሮቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ይህም ከግማሽ ደቂቃ የበለጠ ጊዜ አይወስድም።