ካሴትን ወደ ኮምፒዩተር ስለ መገልበጥ፤ ከሐይቅ በተገኘ አንድ ካሴት ላይ የቀረበ አስተያየት

በወሎ የቆዩ ካሴቶች በየቤቱና በየሱቁ ወደ ኮምፒዩተር በመገልበጥ ላይ መሆናቸው የታወቀ ነው። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ክሩ እያረጀ፥ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ስለ ሄደ፥ ያልተገለበጠ ሁሉ እንደ ጠፋ ይቈጠራል። ሆኖም አገለባበጥ ሁሉ እኩል አይደለም። ይኸንንም በአንድ ካሴት ሁለት ቅጂዎች ለማሳየት እሞክራለሁ።

ካሴቱ በጥር 1976 ዓ.ም. በሐይቅ አጠገብ በዘመድ ሠርግ ላይ የተቀዳ፥ የአንድ ሰዓት ካሴት ነው። የቀዳው አጎቴ ሲሆን፥ መሣሪያው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮና ቴፕ በአንድነት ነበር። አንድ አዝማሪ በማሲንቆ አምባሰልን ይጫወታል፤ ሴቶችም ይቀበሉታል። አምባሰል ከትዝታ፥ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋራ ከአራቱ ዋና ቅኝቶች አንዱ ሆኖ፥ ስሙ የዚያው የተራራማው አገር ስም መሆኑን አንባቢ ያውቃል።

የመጀመሪያው ቅጂ በአንድ ሱቅ የተሠራ ነው። ሹክሹክታ የሌለበት፥ ጥርት ያለ በመሆኑ ስንሰማው ደስ አለን። እናቴ ብቻ «ማሲንቆው ታሟል» አለች። ነገሩ እውነት ነበር። የክሩ ሹክሹክታ የሚሰማው በቀጭኑ ድምፅ በኩል ነው፤ የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ላይ ሲፋተግ የሚሰጠው የማሲንቆ ድምፅም ብዙው የሚገኘው በዚያው በኩል ነው። የማጽጃው ፕሮግራም ሁለቱን መለየት ስላልቻለ አብሮ ጠረጋቸው። ከዚህም በላይ በዘፈኖቹ መካከል የነበረው ወሬ «ዘፈን አይደለም» ተብሎ ተቈርጧል።

በዚህ ቅጂ ላይ ተመሥርቼ ለክፍል በጻፍሁት ጽሑፍ፥ አዝማሪው ሠርጉ እየሞቀ ሲሄድ ክሩን እያጠበቀ ቅኝቱን ከፍ ያደርጋል ብዬ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፒያኖ የተማርሁ ስለ ሆንሁ በኖታ ለክቼው፥ በመጨረሻው ላይ ግማሽ ቶን ያህል ከፍ ብሎ አገኘሁት። በግኝቴም ኰርቼ ነበር።

ሁለተኛውን ቅጂ ዘንድሮ ራሴ ሠራሁ። ክሩን የሚያነበውን ሄድ በአልኮል ጠርጌ፥ ቀጭኑ ድምፅ ጐልቶ እስኪሰማ ድረስ አቀማመጡን አስተካክዬ፥ ምንም ሳላጸዳና ሳልቈርጥ በሴኮንድ 48,000 ናሙና በ24 ቢት ገለበጥሁት። አንድ ሰዓቱ የያዘው 1 ጊጋ ባይት ያህል ስለ ሆነ፥ የቦታ ጥበት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

በዚህኛው ሹክሹክታው አለ፤ ማሲንቆውም አለ። ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት አጎቴ ቀኑንና ቦታውን ይናገራል። ቀጥሎም የአያቴ ድምፅ ይሰማል፤ «ድንጋዩን አትጨርሰው፤ ነገ ዜና የምንሰማበት እናጣለን» ይላሉ። ግኝቴን ያፈረሰው ይህ ቃል ነው። ድንጋዩ ሲደክም ቴፑ እየዘገየ ቀድቷል፤ በትክክለኛው ፍጥነት፥ ማለት በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ሲጫወት ደግሞ ድምፁ ይፈጥናል፥ ይቀጥናልም። ግማሽ ቶን ማለት ከመቶ 6 ያህል የፍጥነት ልዩነት ነው። በእርግጥም ወደ መጨረሻው ገደማ ወሬ የሚያወሩት ሰዎች ድምፅ ከማሲንቆው ጋራ አብሮ ቀጥኗል፤ ሰው ደግሞ እንደ ማሲንቆ ክር አይጠብቅም። አዝማሪው ቅኝቱን አልለወጠም።

ባለ ሱቁን አልወቅስም፤ ደንበኛው የሚጠይቀው የጠራ ድምፅ ነው። የጸዳ ቅጂ ለማዳመጥ መልካም ነው፤ ነገር ግን ካልተነካው ቅጂ በኋላ የሚሠራ ሁለተኛ ሊሆን ይገባል። የዓለም አቀፉ የድምፅ መዛግብት ማኅበር መመሪያም እንዲሁ ነው። ለሐይቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት ወንጌል ለታሪክ ጸሐፊዎች የጠቀመው በቃሉ ብቻ ሳይሆን፥ በኅዳጉ በተጻፉት ማስታወሻዎች ጭምር ነው። የካሴትም ኅዳግ በዘፈኖች መካከል ያለው ወሬ ነው።

ስለዚህ ካሴት ያለው ሰው አስቀድሞ ሳይነካ ያስገልብጥ፤ በሽፋኑ ላይ ያለውንም ጽሕፈት ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ካሴቱንም አይጣል። አያቴ አርፈዋል። ድምፃቸው ከዚያች ከተቈረጠችው ወሬ በቀር በሌላ ቦታ አይገኝም።