ፍራፍሬውን አትከልክሏት

ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ ለአመጋገብ ምክር የሚመጡልኝ ብዙ ሴቶች አንድ ትእዛዝ አንጠልጥለው ነው የሚመጡት፦ «ፍራፍሬ ስኳር አለው፣ ተዪ።» ይህን ያለቻቸው አንዳንዴ ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጣች ዘመድ ናት፤ አንዳንዴ ስልክ ላይ ያዩት ቪዲዮ ነው፤ አንዳንዴም እንደኔው ነጭ ጋውን የለበሰ ባለሙያ ነው። ትእዛዙ ሙዝና ጁስ በየቀኑ ለሚበላበትና ለሚጠጣበት አገር ሰው ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ለምሥራቅ ጎጃም ሴት ግን የሚነጥቃት ከገበታዋ ላይ ከሁሉም ያነሰውን ነገር ነው።

የነዚህ ሴቶች ሕመም ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ይባላል፤ በሐኪሞች አፍ ፒሲኦኤስ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ 100 ሴቶች ውስጥ ከ8 እስከ 13 የሚሆኑት አለባቸው፤ ከነዚህም እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት መታመማቸውን አያውቁም። የብዙዎቹ ችግር ከኢንሱሊን ጋር የተያያዘ ነው፤ እሱም ከምግብ የመጣውን ስኳር ከደም ወደ ሴል የሚያስገባ ሆርሞን ነው። ሴሎቹ አልታዘዝ ሲሉት ቆሽት አብዝቶ ያመርታል። በደም ውስጥ የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ኦቫሪውን የወንድ ሆርሞን አብዝቶ እንዲያመነጭ ይገፋዋል፤ ጉበትም ያንን ሆርሞን አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን ይቀንሳል። የወር አበባው የሚዛነፈው፣ አገጭ ላይ ፀጉር የሚበቅለው፣ ፅንስ የሚዘገየው ከዚህ ነው። ልጅ የዘገየባት ሴት በኛ አካባቢ ምን እንደሚባልባት ለጎጃም አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

እኔ ወሬ ከመጀመሬ በፊት አንገቷን አያለሁ። ከማተቡ ክር ግራና ቀኝ፣ ከነጠላው ሥር፣ ቆዳው ጠቁሮና ወፈር ብሎ እንደ ከፋይ ከለሰለሰ፣ ሰውነቷ ለኢንሱሊን እንቢ ማለቱን ያ ጥቁረት ይነግረኛል። ብዙዎቹ እድፍ መስሏቸው በሳሙናና በድንጋይ ሲፈትጉት ኖረዋል፤ «እድፍ አይደለም፣ ከውስጥ የመጣ ነው» ሲባሉ ፊታቸው ላይ የሚታየው እፎይታ ለዚህ ሥራ ያለኝን ፍቅር ያድስልኛል። ኢንሱሊንን ራሱን መለካት ለዕለት ተዕለት ሕክምና አይመከርም፤ አንገት፣ ወገብና የደም ስኳር ይበቃሉ።

ቀጥሎ ጥያቄ ነው። የሙያው ትልቁ ክፍል እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ትናንት ከነቃሽ ጀምሮ እስክትተኚ የቀመስሽውን ሁሉ ንገሪኝ።»

«ምን አለ ሲስተር፣ እንጀራ ነው እንጂ።»

«ስንት?»

«ኧረ በልቶ የሚቆጥር አለ?»

እውነቷን ነው። አንድ ገበታ ላይ አምስት ሰው ተቀምጦ፣ አማት እያጎረሰች፣ «ብዪ እንጂ» እየተባለ፣ የራስን ድርሻ ማወቅ ከባድ ነው። ስለዚህ ዙሪያውን እሄዳለሁ። ጠዋት ሻይ፤ በስንት ማንኪያ ስኳር? ሦስት። ከሻዩ ጋር ዳቦ። ቡና ሲፈላ ቆሎ። ምሳ እንጀራ በሽሮ። ጎረቤት ዘንድ ጠላ። ራት እንደገና እንጀራ። «ፍራፍሬስ?» ስላት ትስቃለች፤ ካለፈው ገበያ ወዲህ አልቀመሰችም፤ ያኔም ሙዙን የበሉት ልጆቹ ናቸው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ላይ የተደረገው ጥናት ከ100 ኢትዮጵያውያን ከ95 በላይ የሚሆኑት የሚመከረውን ያህል አትክልትና ፍራፍሬ እንደማይበሉ አሳይቷል። የሚመከረው በቀን 400 ግራም ነው። እንዲህ ያለችውን ሴት ፍራፍሬ መከልከል ምን ይጠቅማታል?

እንጀራን ለማማት አይደለም። የእነማይ ጤፍ የቢቸና ኩራት ነው፤ ብረቱም አሰሩም የሚናቅ አይደለም። ግን 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 73 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለ። ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት የሚባለው አመጋገብ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ130 ግራም በታች ነው፤ ኬቶ የሚሉት ደግሞ ከ50 በታች። በቀን ሦስቴ እንጀራና ዳቦ የምትበላ ሴት ልኩን የምታልፈው በእህሉ ነው። እኔ የምጀምረው ከስኳሩ ነው፤ ከሻይ ሦስት ማንኪያ ማንሳት ከሁሉ ይቀላል። ከዚያ ዳቦውን፣ ከዚያ ጠላውን። እንጀራውን በመጨረሻ እነካለሁ፤ እሱንም ድርሻዋን ከገበታው ቀድማ በሳህን እንድታነሳ በመምከር። ወጡን፣ ጎመኑን፣ ምስሩን አስቀድማ እንጀራውን ኋላ እንድታደርግ እነግራታለሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ስኳር ሕመም ባለባቸው ጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አትክልቱና ፕሮቲኑ ሲቀድም ከምግብ በኋላ የሚወጣው የደም ስኳር እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ገንዘብ አያስወጣም።

አሁን ወደ ፍራፍሬው እንምጣ። የምጠቀምበት መለኪያ 15 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው፤ ለአንድ ጊዜ ይህ ይበቃል። መካከለኛ ብርቱካን አንድ ሙሉ። ኮክም አንድ ሙሉ። ማንጎ ግማሽ። ፓፓያ ተቆራርጦ አንድ ስኒ ሙሉ፤ የቡና ስኒ ማለቴ አይደለም፣ የውሃ ብርጭቆ ልክ። ሙዝ ግማሽ ወይም ትንሿ፤ መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ያህል ስላለው፣ በጣም የበሰለውና ቆዳው ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣው ደግሞ ስኳሩ ፈጥኖ ወደ ደም ስለሚገባ። ዘይቱን ከነፍሬው ሁለት ይቻላል፤ በአሰር ከነዚህ ሁሉ የሚበልጥ ነው። አቮካዶ ለብቻው ነው የሚታየው፦ ግማሹ ውስጥ ካለው 8 ወይም 9 ግራም ካርቦሃይድሬት 7 ያህሉ አሰር ስለሆነ ስኳር ከፍ አያደርግም። ሎሚ የፈለገችውን ያህል ሰላጣና ጎመን ላይ ትጭመቅ።

ገጠር ላደገችው ሴት ሌላም አለኝ። አጋም፣ ቀጋ፣ ዶቅማ፣ ሾላ፤ ልጅ ሆና ከብት ስትጠብቅ የበላቻቸው። እነዚህን ስጠራላት ዓይኗ ይበራል። ለገበያ እምብዛም ስለማይቀርቡ የድሃ ምግብ ተደርገው ተረስተዋል፤ እኔ ግን ጥቃቅን ሆነው በእፍኝ የሚበሉ፣ ከነልጣጫቸው የሚታኘኩ ፍሬዎችን ከሩቅ ተጭኖ ከመጣ ሙዝ አላሳንስም። መንገድ ተዘግቶ ሙዝ ከገበያ በሚጠፋበት ሰሞንማ ከደጅ ያለው ፍሬ ዋጋው ይታወቃል።

አንድ ነገር ላይ ግን አልለሳለስም፦ ጁስ ቤት። ስፕሪስ ሲዘጋጅ ቆማችሁ ተመልከቱ። ማንጎው ይገባል፣ ፓፓያው ይገባል፣ አቮካዶው ይገባል፣ ከዚያ የስኳር ሽሮፕ ይጨመርበታል፣ ከላይ ቪምቶ ይንጠባጠብበታል። አንዲት ሴት በማኘክ አንድ ማንጎ ሳትጨርስ የምትጠግበውን፣ በብርጭቆ ሁለትና ሦስት ፍሬ በጥቂት ደቂቃ ትጨርሰዋለች። «ለጤናዬ ብዬ ነው» ይሉኛል፣ ከልባቸው። አቮካዶውን ያለስኳር፣ በሎሚ፣ በማንኪያ ብዪው እላታለሁ። ፍራፍሬ በጥርስ ይበላል።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ፍሬው ባዶ ሆድ ላይ ለብቻው ከሚገባ ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ ይሻላል። በፍስክ ቀን ከእንቁላል ወይም ከእርጎ ጋር ይሄዳል። በጾም ግን ጥያቄው ይከብዳል፤ ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት እያሉ ሥጋና እንቁላል የሚመክሩ ጽሑፎች ሁዳዴን አያውቁም። ኅምሳ አምስት ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ፤ እነዚህን ያልቆጠረ ምክር በጎጃም አይሠራም፤ ጾሟን ፍቺ ብዬም አላውቅም። ምስር፣ ሽንብራ፣ ባቄላ፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ኑግ፣ ጎመን፣ አቮካዶ አሉን። ቀኑን ጾማ የምትውል ሴት ስትፈታ ቀድማ ዳቦና ስኳር ሻይ እንዳታነሳ አደራ እላለሁ፤ ምስሩ ይቅደም፣ ፍሬው ይከተል። ሜትፎርሚን የምትወስድ ከሆነ ኪኒኑን ከምግቧ ጋር ትውሰድ፤ ባዶ ሆድ ላይ ያስታውካል፣ ሆድም ያስቀምጣል። ለስኳር ኢንሱሊን የምትወጋ ሴት ደግሞ ሐኪሟን ሳታማክር እህሏን አትቀንስ፤ ስኳሯ ወርዶ ትወድቃለች።

በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የፒሲኦኤስ መመሪያ የትኛውም አመጋገብ ከሌላው እንደሚበልጥ ማስረጃ እንደሌለ ያስቀምጣል። ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ የምትዘልቅበትን መምረጥ ይቻላል ማለት ነውና። ክብደት ለበዛባት ሴት ከክብደቷ ከመቶ 5 እጅ መቀነስ ብቻውን የወር አበባዋን ሊመልስ ይችላል። 80 ኪሎ ለሆነች ሴት 4 ኪሎ ማለት ነው። ቀጭን ሆና ፒሲኦኤስ ያለባትም አለች፤ እሷን «ክሺ» ማለት ግፍ ነው።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ «ተዪ» ከማለታችሁ በፊት ምን እንደምትበላ ጠይቋት። ባሎችና አማቶች፣ ከገበያ ስትመለሱ ዘይቱንና አቮካዶ ይዛችሁላት ግቡ፤ የስኳሩን ጣሳ ከፊቷ አንሱ። አንቺም እህቴ፣ የወር አበባሽ ያለ እርግዝና ከ3 ወር በላይ ከቀረ ወይም በዓመት ከ8 ጊዜ በታች የሚመጣ ከሆነ፣ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ሆስፒታል ሄደሽ ተመርመሪ። ፍራፍሬ ግን መተው አያስፈልግሽም።