ዋይፋዩ አለ፣ ኢንተርኔቱ የለም

«ዋይፋይ እምቢ አለኝ» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ስለ አንድ ዕቃ የሚያወራ ይመስለዋል። ከላፕቶፑ እስከሚፈልገው ድረ ገጽ ድረስ ግን መንገዱ ረጅም ነው፦ የኮምፒውተሩ ዋይፋይ ካርድ፣ በአየር የሚሄደው ሞገድ፣ ራውተሩ፣ ከደጅ የሚገባው መስመር፣ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ። በዚህ ሥራ ስቆይ የተረዳሁት ከባዱ ነገር ጥገናው አለመሆኑን ነው። ከባዱ መንገዱ የቱ ጋ እንደተቆረጠ መለየቱ ነው።

ስለዚህ ምንም ሳልነካ እጠይቃለሁ። መብራት ሲጠፋ ሁላችንም በመስኮት አሻግረን እያየን «ሰፈሩ ሁሉ ነው ወይስ የእኛ ብቻ?» እንላለን፤ የዋይፋይም የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው። ስልክዎ በዚሁ ዋይፋይ ይሠራል? ሞባይል ዳታው እንዳያታልለን አጥፍተን ነው የምንሞክረው። ስልኩ ከሠራ ራውተሩም መስመሩም ደህና ናቸውና ፊቴን ወደ ኮምፒውተሩ አዞራለሁ። ሁሉም እምቢ ካሉ ደግሞ ላፕቶፑን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው።

ያኔ የራውተሩን መብራቶች አያለሁ። በፋይበር መስመር ኤል ኦ ኤስ የሚለው ቀይ ከበራ ከውጭ ብርሃን እየደረሰ አይደለም። ቡፌ ሲገፋ ቀጭኑ ኬብል ታጥፎ ሊሆን ይችላል፤ ፋይበር በኃይል ከታጠፈ ብርሃኑን ያፈሳል። ችግሩ ኮምፒውተሩ ጋ ከሆነ ግን አይፒ አድራሻውን ነው የማየው። በ169.254 ከጀመረ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም፣ ኮምፒውተሩ ለራሱ የሰጠው ነው። አድራሻው ትክክል ሆኖ ኢንተርኔት ላይ ያለው የ8.8.8.8 ሰርቨር ለፒንግ (ለሙከራ ጥሪ) ከመለሰና ድረ ገጾች በስማቸው አልከፈት ካሉ ዲኤንኤሱን እጠረጥራለሁ።

ከእኛ አገር አቆጣጠር የሚመጣ ብልሽትም አለ። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ጠርተውኝ «ልጄ፣ ዋይፋዩ አለ፤ ግን ምንም አይከፍትልኝም» አሉኝ። ስልካቸው ይሠራል፤ ኮምፒውተሩም አድራሻ አለው፤ ፒንግም ይመልሳል። ድረ ገጽ ሲከፈት ግን ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ከስክሪኑ ታች በስተቀኝ ያለውን ቀን አየሁት፦ 2017።

«ጋሼ፣ ቀኑን ማን አስተካከለው?»

«እኔ ነኛ! መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ኋላ ይመለስብኛል።»

ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ሞታለች። መብራት ሲቋረጥ ሰዓቱን የሚይዘው ነገር ስለሌለ ቀኑ ይጠፋል፤ እሳቸው ደግሞ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሞሉት። እያንዳንዱ አስተማማኝ ድረ ገጽ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ያለው የምስክር ወረቀት ይዞ ይመጣል። በፈረንጆቹ 2017 ላይ ለቆመ ኮምፒውተር ያ ወረቀት ገና ያልደረሰ ዘመን ሰነድ ነውና አይቀበለውም። ዓመቱን በፈረንጆቹ አስተካክዬ ባትሪዋን ስቀይር ሁሉም ተከፈተ።

ይህ ኮምፒውተር ቸኩሎ ከሚሠራ ባለሙያ እጅ ቢገባ ፎርማት ይደረግ ነበር፤ የመምህሩ ፋይልና ፎቶም አብሮ ሊሄድ ይችል ነበር። ሰዓቱ ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ስለሆነ ፎርማት ዓመቱን አያስተካክለውም። ምርመራ ያልቀደመው ፎርማት ጥገና ነው ብዬ አላምንም፤ ሰው የዓመታት ሥራውን አምኖ የሚሰጠን ጠይቀንና አይተን እንድንነካለት ነው።

ሌላው የብዙ ቤት ችግር ርቀትና ግድግዳ ነው። የዋይፋይ 5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ፈጣን ቢሆንም ብሎኬትና ኮንክሪት ቶሎ ያደክሙታል፤ 2.4 ጊጋኸርዝ የተሻለ ያልፋል፣ ግን የጎረቤቱ ራውተር ሁሉ ስለሚጋራው ይጨናነቃል። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥቶ ከፍ ካለ ቦታ፣ ወደ ቤቱ መሃል ማድረግ ምንም ወጪ የለውም።

አንባቢዬን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ጉዳት የለውም፤ በመርፌ የሚጫነውን የሪሴት ቀዳዳ ግን አትንኩ። በብዙ ቤት የመስመሩ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ራውተሩ ውስጥ ነው የተሞላው፤ ሪሴት ሲደረግ ይጠፋል። ዛሬውኑ ሁለቱንም ከመስመሩ አቅራቢ ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉና ከቤት ሰነዶቻችሁ ጋር አስቀምጡ።