ስለ ትከሻ ቍልፍ፤ በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ ፴፩ ቍጥር ፳፪ ላይ የተሰጠ ሐተታ

ጻድቁ ኢዮብ በፍርድ አደባባይ ረዳት አለኝ ብሎ በድኻ አደግ ላይ እጁን አንሥቶ እንደ ሆነ፥ ትከሻው ከሥሩ ይወድቅ ዘንድ በራሱ ላይ ይምላል። ይህን የትከሻ ሥር ሰብዓ ሊቃናት በግሪክ «ክሌይስ» አሉት፤ ቍልፍ ማለት ነው።

ቃሉን ሳይመረምር የሚያነብ፥ ትከሻን ከቍልፍ ምን አገናኘው? ይላል። በኢሳይያስ ምዕራፍ ፳፪ ቍጥር ፳፪ በኤልያቄም ጫንቃ ላይ የተደረገውን የዳዊትን ቤት መክፈቻ አምጥቶ ቢያገናኘውም፥ ለስብከት ያምር ይሆናል እንጂ የንባቡ ምሥጢር አይደለም። በዚያ ቍልፍ ሥልጣን ነው፤ በዚህ ግን አጥንት ነው። ግሪኮች ከደረት ራስ ተነሥቶ በአንገት ግርጌ እስከ ትከሻ ጫፍ የሚደርሰውን አጥንት እንዲህ ይሉታልና። ባለቅኔው ሆሜሮስም ሄክቶር በአኪሌስ ጦር የተወጋበትን ስፍራ ሲያመለክት በዚሁ ስም ተናገረ፤ ላቲኖችም ትንሽ ቍልፍ ብለው ጠሩት።

ዕብራይስጡ የጫንቃ ሥር ያህል ይላል፤ ሄሮኒሞስም ወደ ላቲን ሲመልሰው መጋጠሚያ አለው። ሁለቱም አልሳቱም፤ ነገር ግን የመሐላውን ኃይል አብልጦ የሚገልጥ የሰብዓ ሊቃናት ቃል ነው። ክንድን ከደረት ጋራ አጥንት ለአጥንት የሚያያይዝ ይህ አንዱ ብቻ ነውና፤ የቀረው ሥጋና ጅማት ነው። እርሱ በተሰበረ ጊዜ ትከሻ በእውነት ወደ ታች ይወርዳል፤ የተሰበረበትም ሰው የታመመውን ክንድ በደኅናው እጁ ደግፎ ይሄዳል።

ስለዚህ ተርጓሚ በደፈናው ትከሻ ብሎ ቢያልፈው የመሐላው ፍርድ ይደበዝዛል፤ ቍልፍ ብሎ ብቻ ቢተወውም አንባቢ ይሰናከላል። በአንገት ግርጌ ያለ የትከሻ ቍልፍ ቢል ግን ንባቡና ምሥጢሩ ይስማማሉ።

ይህም የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። ኢዮብ የማለው ማድረግ ስላልቻለው ግፍ ሳይሆን፥ በአደባባይ ወዳጅ ሳለው ማድረግ ሲቻለው ስለ ተወው ግፍ ነው። ወገን አለኝ ብሎ በድኻ አደግ ላይ እጁን የሚያነሣ ዳኛ፥ የተመካበት ክንድ በአንዲት ቀጭን አጥንት የተያዘ መሆኑን ያስብ። ያች በተሰበረች ቀን የወደቀውን ክንድ የሚደግፍለት የገዛ ሌላው እጁ ነው እንጂ፥ በአደባባይ የቆሙለት ወዳጆቹ አይደሉም።