ክፍሉና ሜዳው፦ የአራተኛ ክፍል የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በሂስ ዐይን ሲታይ

«ጤናማ አእምሮ በጤናማ አካል» የሚለው አባባል በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ማየት የተለመደ ነው። አባባሉን የሚቃወም መምህርም ሆነ ርእሰ መምህር አይገኝም። ይሁን እንጂ ፈተና ሲቃረብ፣ የሒሳብ ምዕራፍ ሳያልቅ ሲቀር ወይም መምህር ሲጓደል በቅድሚያ የሚሠዋው ክፍለ ጊዜ የትኛው እንደ ሆነ ቢጠየቅ፣ የሰውነት ማጎልመሻ መሆኑ ከማንም የተሰወረ አይደለም። በግድግዳው ጽሑፍና በክፍለ ጊዜው አጠቃቀም መካከል የሚታየው ይህ ልዩነት ከቸልተኝነት ብቻ የመነጨ አይደለም። ሥሩ ትምህርቱ ከተነደፈበትና ከሚመዘንበት አስተሳሰብ ውስጥ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ አስተሳሰብ በአራተኛ ክፍል ላይ በማተኮር መመርመር ነው።

አራተኛ ክፍል ለዚህ ምርመራ የሚያመች ደረጃ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ባስከተለው አደረጃጀት፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለው የመጀመሪያ እርከን ሆኖ አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርቶች እንዲያስተምር ተደርጎ ነበር። ሙዚቃ፣ ሥነ ሥዕልና ሰውነት ማጎልመሻም በአንድነት ተጠቃልለው «ሥነ ውበትና ሰውነት ማጎልመሻ» በሚል ስያሜ ይሰጡ ነበር። አራተኛ ክፍል የዚያ አሠራር መደምደሚያ ስለ ነበረ ጥቅሙም ጉዳቱም ጎልቶ የሚታየው በዚሁ ክፍል ነው።

ጥቅሙ ቀላል አልነበረም። በንባብ ሰዓት ድምፁ የማይሰማው ሕፃን በሜዳ ላይ ጓደኞቹን የሚያስተባብር መሆኑን ያው መምህር ያይ ነበር። በሒሳብ ፈጣን የሆነችው ልጅ ኳስ መያዝ የሚያስቸግራት መሆኑንም እንዲሁ ይረዳ ነበር። ጉዳቱ ግን ሦስት የተለያዩ ሙያዎች በአንድ ከረጢት መታሰራቸው ነው። መዝሙር የሚቀናው መምህር ያዘምራል፤ ሥዕል የሚወድ ያሥላል፤ ሁለቱም በክፍለ ጊዜው ውስጥ የታዘዘውን ፈጽመናል ለማለት ይችላሉ። ወደ ሜዳ መውጣት በመምህሩ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዐተ ትምህርት ይህን ጉድለት በመገንዘብ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጎታል፤ የክወናና የዕይታ ጥበባትንም ለብቻ አቁሟል። እርምጃው ተገቢ ነው። ሆኖም በስም መለየት በተግባር መነጠልን ካስከተለ፣ የቀድሞው ሥርዐት የነበረው አንድ መልካም ነገር ጠፍቶ ጉድለቱ ብቻ በሌላ መልክ ይቀጥላል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ክፍለ ጊዜው በድልድሉ ላይ መጻፉ ሳይሆን በውስጡ ምን እንደሚሠራ ነው።

ይህን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪዎች ነው። ከአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ለመውጣት፣ ለመሰለፍና ለመመለስ 10 ደቂቃ ቢታሰብ 30 ደቂቃ ይቀራል። መምህሩ አንድ ኳስ ይዞ ተማሪዎቹን በአንድ ረድፍ አሰልፎ ተራ በተራ ቢያስመታ፣ ለእያንዳንዱ ሕፃን የሚደርሰው 36 ሰከንድ ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ ቆሞ ያሳልፋል። እነዚያው 50 ተማሪዎች አምስት አምስት እየሆኑ በአሥር ቡድን ቢከፈሉና በጨርቅ የተሠሩ አሥር ኳሶች ቢታደሉ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ ወደ 6 ደቂቃ ያድጋል። ከጀርባው የቆመ ገንዘብ ሳይኖር ልምምዱ አሥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ መጠነኛና ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልግ ገልጿል። በዚህ ሚዛን ሲታይ 36 ሰከንድ ምን ያህል እንደሚመዝን ማስረዳት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጉድለት ትምህርቱ በአሸናፊዎች መመዘኑ ነው። ለሰውነት ማጎልመሻ ጥብቅና የሚቆሙ ሰዎች በቆጂን መጥቀስ ይወዳሉ። በእርግጥም በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ያሸነፈችውን ደራርቱ ቱሉን በልጅነቷ ካሠለጠኑት መካከል አንዱ በዚያች ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ ናቸው። ታሪኩ የሚያኮራ ነው፤ የአንድ መምህር ትጋት ምን ያህል ሩቅ እንደሚደርስም ያሳያል። ለሥርዐተ ትምህርት ግን የተሳሳተ መለኪያ ሊሆን ይችላል። ከ50 ተማሪዎች መካከል ኦሊምፒክ የሚደርስ አንድም ላይኖር ይችላልና። ትምህርቱ የቆመው ለፈጣኑ ከሆነ፣ ለትምህርት ቤቱ ቡድን የተመረጡት ጥቂት ልጆች ሲጫወቱ የቀሩት አጨብጫቢዎች ይሆናሉ። በዳር ከሚቆሙት መካከልም ልጃገረዶች፣ አካል ጉዳተኞችና ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡ ልጆች ይበዛሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 ያጸደቀው የሰውነት ማጎልመሻና የስፖርት ቻርተር ስፖርትን የሁሉም ሰው መብት አድርጎ የደነገገው ይህን መሰል አሠራር ተቀባይነት እንዳይኖረው ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ሊነሣ የሚገባው ሜዳውን የቅጣት ስፍራ የማድረግ ልማድ ነው። ያረፈደ ልጅ ሜዳውን እንዲዞር ይታዘዛል፤ የቤት ሥራ ያልሠራም ከጨዋታ ይከለከላል። በመጀመሪያው ሩጫ ቅጣት ይሆናል፤ በሁለተኛው ጨዋታ ጉቦ ይሆናል። በሁለቱም ሕፃኑ የሚማረው እንቅስቃሴ ትምህርት አለመሆኑን ነው።

በሌላ ወገን የሚቀርበው መከራከሪያ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሕፃናት ማንበብ ሳይችሉ ለጨዋታ ጊዜ መስጠት ቅንጦት ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ማመልከቱ ሥጋታቸውን ያጠናክራል። ይሁን እንጂ መከራከሪያው ሜዳውና ክፍሉ ባላንጣዎች ናቸው ከሚል ግምት ይነሣል። ግምቱ ደግሞ ትክክል አይደለም።

ለአብነት ሰኞ ማክሰኞን እንውሰድ ቢባል፣ ጨዋታው መሬት ላይ ሣጥኖች ሥሎ፣ ጠጠር ወርውሮ በአንድ እግር መዝለልን የሚጠይቅ መሆኑን የማያውቅ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ጥቂት ነው። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ አንዱ ቡድን የጨዋታውን ደንብ «መጀመሪያ፣ ቀጥሎ፣ በመጨረሻ» በሚሉ ቃላት ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ይጽፋል። በሜዳ ላይ ሌላው ቡድን ጽሑፉን አንብቦ፣ ከተጻፈው ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይጫወታል። አንድ ደረጃ ከተዘለለ ጨዋታው ይቆማል፤ ጸሐፊዎቹም ስሕተታቸውን ያለ መምህር ቀይ እስክሪብቶ ያዩታል። በሒሳብም እንዲሁ ነው። ተማሪዎች የ10 ሜትር ሲባጎ አምስት ጊዜ ዘርግተው 50 ሜትር ይለካሉ፤ እያንዳንዱ የሮጠበትን ሰከንድ በየሳምንቱ በሠንጠረዥ ይመዘግባሉ፤ ልዩነቱን በመቀነስ ያገኛሉ። ከሩጫ በኋላ የልብ ትርታቸውን ለ15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 ሲያባዙ ማባዛትንም የሰውነትን አሠራርንም ይማራሉ።

በዚህ ረገድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሜዳው የሒሳብ አሽከር ብቻ ከሆነ ሌላ ዐይነት በደል ይሆናል። ሕፃን መዝለል ያለበት ለመቁጠር ብቻ አይደለም፤ መዝለል ራሱ ሊማረው የሚገባ ችሎታ ነው። ሽንፈትን መቀበል፣ ደንብን ማክበርና ተራን መጠበቅም በጥቁር ሰሌዳ የማይሰጡ ትምህርቶች ናቸው።

ከላይ ከተዘረዘሩት ነጥቦች በመነሣት ሦስት ነገሮች ተግባራዊ ቢሆኑ ይበጃል። አንደኛ፣ የሰውነት ማጎልመሻ ውጤት ልጁ ከሌሎች ጋር ተወዳድሮ ባገኘው ደረጃ ሳይሆን ከመስከረም እስከ ሰኔ በራሱ ላይ ባሳየው መሻሻል ይሰጥ። ሁለተኛ፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ለታችኛ ክፍሎች የሚያሠለጥኗቸውን ሁሉ፣ የስፖርት ሙያተኞችን ብቻ ሳይሆን፣ ብዙ ተማሪን በጠባብ ሜዳና በአካባቢ ቁሳቁስ ማንቀሳቀስን በተግባር ያለማምዱ። ሦስተኛ፣ ሱፐርቫይዘሮች ክፍለ ጊዜውን ሲገመግሙ የዓመታዊ ዕቅዱን መሞላት ከማየት አልፈው፣ በሜዳው ዳር ቆመው የቀሩትን ልጆች ይቁጠሩ።

የትምህርቱ እውነተኛ መለኪያም ይኸው ቁጥር ነው። የአራተኛ ክፍል የሰውነት ማጎልመሻ ተሳክቷል የሚባለው ከክፍሉ አንድ ሯጭ ሲወጣ ሳይሆን፣ በዳር የሚቆም አንድም ልጅ ሲጠፋ ነው።